የመሪዎች ፊርማ ያረፈባቸውን ፎቶዎች፣ ደብዳቤዎችና ሰነዶች ሲሰበስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊርማ ያለበት ፎቶ ለሽያጭ ሲቀርብ የገዥው ዓይን ቀጥ ብሎ የሚያርፈው ፊርማው ላይ ነው። አስመሳዩም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ፊርማ ደጋግሞ በመለማመድ ይጠናል። ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ ቀኑን፣ ማዕረጉን፣ የፊደሉን አጻጻፍና የተቀባዩን ማንነት ሁሉ አስማምቶ መሥራት ግን ለማንም ከባድ ነው። ስለዚህ ፊርማው መታየት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። አማርኛ የሚያነብ ሰብሳቢ እዚህ ላይ ብዙ የውጭ አገር ነጋዴዎችና አጫራቾች የሌላቸው ዕድል አለው፤ ሰነዱን ከራስጌው እስከ ግርጌው ማንበብ ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው ይህንን ዕድል ካለመጠቀም የሚመጡ ናቸው።

በማኅተም ዘመን ፊርማ መፈለግ

የዐፄ ቴዎድሮስ፣ የዐፄ ዮሐንስም ሆነ የዐፄ ምኒልክ ደብዳቤ የሚታወቀው በማኅተሙ ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው ጸሐፊ ነው፤ የንጉሡን ቃል የሚያጸድቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከራስጌው የሚያርፈው ማኅተም ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ማኅተም የአንበሳ ምስል ኖሮት ጽሑፉ በግዕዝ ፊደልና በዐረብኛ ነበር። በዐፄ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ማኅተም ላይ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ቃል ከስማቸውና ከ«ሥዩመ እግዚአብሔር» ጋር ይነበባል። እቴጌ ጣይቱም የራሳቸው ማኅተም ነበራቸው።

አንድ ሻጭ «የምኒልክ ፊርማ» ብሎ ሲያቀርብ ጉጉት ሳይሆን ጥርጣሬ ሊቀድም ይገባል። ማኅተም የሌለው ባለ ፊርማ ወረቀት ከቀረበ የዘመኑን ልማድ የሚቃረን ነገር ነውና ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው። ማኅተሙም ቢሆን በማጉያ ይታይ። በእጅ የተመታ ማኅተም ቀለሙ አንዱ ጎኑ ላይ ይበዛል፣ ሌላው ላይ ይሳሳል፤ ጠርዙ ላይም ቀለም ይጠራቀማል። ከመጽሐፍ ላይ ተነሥቶ በኮምፒዩተር የታተመ ማኅተም ግን ዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ ሲጎላም በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሞላ ሆኖ ይታያል።

ቀኑንና ማዕረጉን አለማገናዘብ

በጣም ርካሹና በጣም ፈጣኑ ምርመራ ይህ ነው፤ የሚዘለለውም እሱው ነው። ተፈሪ መኮንን በመስከረም 1909 አልጋ ወራሽ ሆኑ፤ መስከረም 27 ቀን 1921 የንጉሥነት ዘውድ ደፉ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ደግሞ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተብለው ነገሡ። ስለዚህ በ1919 ዓ.ም. የተጻፈ ነው የተባለ ደብዳቤ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» የሚል ፊርማ ካለበት ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ግን ከመፍረድዎ በፊት ቀኑ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ ያረጋግጡ። በኛ ቀን አቆጣጠርና በአውሮፓው መካከል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የ7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን የ8 ዓመት ልዩነት አለ። «1925» የሚል ፊርማ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ የራስ ተፈሪ ዘመን ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነግሠዋል። ይህን የማያውቅ አጫራች እውነተኛውን «የተሳሳተ ቀን» ብሎ ሊጥለው፣ ሐሰተኛውን ደግሞ በሙሉ ልብ ሊያቀርበው ይችላል። ከሚያዝያ 24 ቀን 1928 እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ አልነበሩም፤ የስደታቸውን አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፉት እንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ነው። በዚያ ዘመን መካከል «አዲስ አበባ ተጻፈ» የሚል ደብዳቤ ሲያጋጥም ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ለኋለኞቹ መሪዎችም መንገዱ ያው ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከ1969 ጀምሮ የደርጉ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ «ፕሬዚዳንት» የተባሉት ግን በ1980 መባቻ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲታወጅ ነው። መለስ ዜናዊ ከ1983 እስከ 1987 የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዚዳንት፣ ከነሐሴ 1987 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ከግርጌ ያለው ቲተር (የፈራሚው ስምና ማዕረግ ያለበት ማኅተም) ከቀኑ ጋር ካልገጠመ ሰነዱን ይመልሱ።

የግዕዝ ቁጥሩም ይነበብ። 1923 ማለት ፲፱፻፳፫ ነው። አስመሳዮች ፻ን ይዘላሉ፣ ወይም አኃዞቹን እንደ አውሮፓው ቁጥር ተራ በተራ ይደረድራሉ።

የፊደሉን አጻጻፍ ንቆ ማለፍ

የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጡ ነበሩ። «ንጉሠ ነገሥት» በንጉሡ ሠ፣ «ሞዐ» በዓይኑ ዐ፣ «ኃይለ ሥላሴ» በብዙኃኑ ኃ እና በንጉሡ ሥ ይጻፋል። በዛሬው የሞባይል አጻጻፍ ልማድ «ንጉሰ ነገስት ሃይለ ስላሴ» ተብሎ የተጻፈ «የቤተ መንግሥት ደብዳቤ» በአንድ መስመር ራሱን ያጋልጣል። ይህን የሚያህል ቀላል ማረጋገጫ የእንግሊዝኛ ሰነድ ሰብሳቢዎች የላቸውም፤ እኛ ግን ዓይናችን ስለለመደው አናየውም።

ጽሑፉ በጽሕፈት መኪና ከሆነ የፊደሎቹን ቅጥያ ይመልከቱ። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ብዙዎቹ ፊደላት የሚሠሩት መጀመሪያ መነሻው ፊደል ተመትቶ፣ ከዚያ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ምልክት ለብቻው ተጨምሮ ነው። ስለዚህ ምልክቱ አንዳንዴ ከፊደሉ ይርቃል፣ አንዳንዴ ይጋጫል፤ ከወረቀቱ ጀርባም የተመታው ቦታ በጣት ይዳሰሳል። በ1950 ዓ.ም. ተጻፈ የተባለ ደብዳቤ ፊደሉ ሁሉ እንከን የለሽ፣ ጀርባውም ልሙጥ ከሆነ የኮምፒዩተር ሥራ ነው። የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው።

የታተመውን፣ የማሽኑንና የጸሐፊውን ፊርማ ከእጅ ፊርማ አለመለየት

ሰብሳቢ በብዛት ገንዘቡን የሚያጣው በሐሰተኛ ፊርማ ብቻ አይደለም። ማንም ሊያታልል ሳያስብ የወጣ፣ ግን መሪው በእጁ ያልነካው ወረቀት ብዙ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ ሲታተም ከአዋጁ ግርጌ የሚወጣው የጽሕፈት ሚኒስትሩ ስም ነው፤ ያውም በማተሚያ ፊደል። ከዚያ ላይ የንጉሡን የእጅ ጽሑፍ መጠበቅ ከንቱ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ምስል በታተሙት የብር ኖቶች ላይ ያለው ፊርማም የባንኩ ገዥ እንጂ የንጉሠ ነገሥቱ አይደለም። እነዚህ «ፊርማ ያለበት» እየተባሉ ሲሸጡ ይታያሉ።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች ደግሞ ሌላ ወረቀት አለ። የዜግነት ቃለ መሐላ ሲፈጸም ከሚሰጠው ፖስታ ውስጥ የፕሬዚዳንቱ የእንኳን ደስ አለዎት ደብዳቤ ይገኛል። ለቤተሰቡ ትልቅ ማስታወሻ ነው፤ ሊጠበቅም ይገባል። ፊርማው ግን የታተመ ነው። ለሠርግና ለልደት ከኋይት ሀውስ የሚላከው የመልካም ምኞት ካርድም እንደዚሁ ነው።

ከዚህ የሚከብደው አውቶፔን ነው። አውቶፔን የፊርማውን ቅርጽ ከናሙና እየተከተለ እውነተኛ ብዕር ይዞ የሚፈርም ማሽን ነው። ቀለሙ እውነተኛ፣ ጭረቱ እውነተኛ ስለሆነ ነጠብጣብ ፍለጋ እዚህ አይሠራም። ጆን ኤፍ ኬኔዲ ማሽኑን በብዛት ተጠቅመዋል፤ ጸሐፊያቸው ኤቭሊን ሊንከንም በስማቸው ትፈርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓዶች ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ከነበረው ዘመን የቀሩ የኬኔዲ ደብዳቤዎች ሲያጋጥሙ ይህ ሁሉ መታሰብ አለበት። ባራክ ኦባማም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 ፈረንሳይ ሳሉ ዋሽንግተን ላይ አንድ ሕግ በአውቶፔን አስፈርመዋል።

አውቶፔንን የሚያጋልጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የብዕሩ ጫና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው፤ የሰው እጅ ግን ወደ ታች ሲሰብ ይጫናል፣ ወደ ላይ ሲመልስ ይለቃል። ሁለተኛ፣ ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካና ሲለቅ ትንሽ ነጥብ ይተዋል። ሦስተኛውና ወሳኙ፣ ሁለት ፊርማዎች አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ፊርማውን በተመሳሳይ መጠን ስካን አድርገው ከሌላው ጋር ደርበው ወደ ብርሃን ይያዙት። ጭረት በጭረት ከገጠመ ማሽን ነው። ሰው አንድን ፊርማ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይፈርምም።

በኛ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የ«ስለ» ፊርማ አለ። ከቲተሩ በላይ «ስለ» ወይም «ለ» የምትል ቃል በእጅ ተጽፋ ከሆነ የፈረመው ተወካዩ ነው። ብዙ ሰው ትልቁን ስም ያነብና ትንሿን ቃል ያልፋታል።

ማነጻጸሪያውን ሳይመረምሩ ማነጻጸር

ፊርማን ከፊርማ ማነጻጸር ጥሩ ነው፤ ማነጻጸሪያው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ግን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1983 ሽቴርን የተባለው የጀርመን መጽሔት «የሂትለር ማስታወሻ ደብተሮች» አገኘሁ ብሎ አስታወቀ፤ 9.3 ሚሊዮን ማርክ ተከፍሎባቸው ነበር። የእጅ ጽሑፍ አዋቂዎች ቀደም ብለው መርምረው ጽሑፉ ይመሳሰላል ብለው ነበር። ችግሩ ለማነጻጸሪያ ከቀረቡላቸው ጽሑፎች መካከል ራሱ አስመሳዩ ኮንራድ ኩያው የጻፋቸው ነበሩባቸው። ነገሩ የተጋለጠው በወረቀቱ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ የማንጫ ኬሚካል ተገኘበት።

ስለዚህ ከኢንተርኔት ሽያጭ ገጾች የተለቀሙ ፎቶዎችን ማነጻጸሪያ አያድርጉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ከየት እንደመጡ የታወቁ ሰነዶች አሏቸው። ቢያንስ አምስት ስድስት ናሙና ይያዙ፤ ሁሉም ከአንድ ዘመን ይሁኑ። የ1925ቱን ፊርማ ከ1965ቱ ጋር ማነጻጸር ፍርድ ያዛባል፤ የሰው እጅ በአርባ ዓመት ይለወጣል።

ወረቀቱንና ቀለሙን ሳይፈትሹ መግዛት

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ 10 እጥፍ የሚያጎላ የጌጣጌጥ ሠሪ መነጽር፣ 365 ናኖሜትር የአልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ተራ የእጅ ባትሪና ማስመሪያ። ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን።

ክፍሉን አጨልመው ባትሪውን በጎን በኩል፣ ከወረቀቱ ጋር ሊተኛ ጥቂት ሲቀረው ያብሩት። የእስክሪብቶ ጫፍ ቦይ ይተዋል። የቀለም ብዕር ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ በመሆኑ በተጫኑት ቦታ ሁለት ቀጭን ጠርዝ ያሳያል። የታተመ ፊርማ ምንም አይተውም።

ቀጥሎ በመነጽሩ መስመሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ይከተሉት። አስመስሎ የሚፈርም ሰው እየሳለ እንጂ እየጻፈ አይደለም። ስለዚህ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ መሀል ላይ ብዕሩ ተነሥቶ እንደገና ይቀጠላል፣ ጫፎቹም ድፍን ይሆናሉ። በፍጥነት የሚፈርም ሰው ግን ጫፉን እያሳሳ ነው የሚለቀው።

ከዚያ መታጠፊያውን ይፈልጉ። ቀለም በታጠፈበት መስመር ውስጥ ገብቶ ከተንሰራፋ የተፈረመው ወረቀቱ ከታጠፈ በኋላ ነው። አሮጌ ባዶ ገጽ ከድሮ መዝገብ ላይ ቀድዶ መፈረም የታወቀ ዘዴ ነው። ያረጀ ወረቀት ቀለም የሚይዝበት ሙጫው ስለሚደክም አዲስ ቀለም ሲነካው እንደ ሶፍት ዳር ዳሩን ይመጠጣል።

መጨረሻ ላይ የአልትራቫዮሌቱን ባትሪ ያብሩ። ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ የማንጫ ኬሚካል አለበት። ይህ ኬሚካል በወረቀት ሥራ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1950 አካባቢ ወዲህ ነው፤ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ተጻፈ ለተባለ ነገር ጥሩ ምልክት አይደለም። ካላበራ ግን «እውነተኛ ነው» ማለት አይደለም፤ ባዶ አሮጌ ወረቀትም አያበራም።

የብዕሩንም ዕድሜ ያስቡ። እስክሪብቶ በአሜሪካ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1945 ነው፤ ማርከር ደግሞ ከዚያም በኋላ የመጣ ነው። በ1923ቱ የንግሥ በዓል ሰሞን ተፈረመ የሚባል ፎቶ በእስክሪብቶ ከሆነ የሚያከራክር ነገር የለውም። ፎቶው ራሱም ይመስክር። በፕላስቲክ የተለበጠው የፎቶ ወረቀት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ የታተመ የወጣትነት ፎቶ ከአሮጌ ኮፒ እንደገና የተነሣ ነው። በፎቶው ላይ እንደ ቦያጂያን ያለ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ማኅተም ካለ ያንን ይመዝግቡ።

የምስክር ወረቀትን እንደ ዋስትና መቁጠር

ሐሰተኛ ፊርማ የሚሠራ ሰው ሐሰተኛ የምስክር ወረቀት መሥራት አያቅተውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ኤፍ ቢ አይ ያጋለጠው የሐሰተኛ ፊርማ ንግድ በምስክር ወረቀት የታጀበ ነበር፤ ከተያዙት መካከል የእማሆይ ትሬዛ ፊርማ ያለባቸው የቤዝቦል ኳሶች ይገኙበታል። መጠየቅ ያለበት ማን መረመረው፣ ከምን ጋር አነጻጸረው፣ ስህተት ቢሆን ገንዘቡን ይመልሳል ወይ የሚለው ነው። በአማርኛ ለተፈረመ ነገር አራተኛ ጥያቄ አለ፤ መርማሪው ፊደሉን ያነባል? ፊደሉን እንደ ሥዕል ብቻ የሚያይ ሰው የጭረቱን ቅደም ተከተል ሊፈርድ አይችልም።

ፎቶውን ከክፈፉና ከታሪኩ መለየት

ንጉሠ ነገሥቱ ለአምባሳደሮችና ለእንግዶች የሚሰጡት ፎቶ ዘውድ በተቀረጸበት ክፈፍ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። ክፈፉን ለብሩ፣ ፎቶውን ለፊርማው ለያይቶ መሸጥ ትልቅ ጥፋት ነው። በተቃራኒውም ይጠንቀቁ፤ እውነተኛ ክፈፍ ውስጥ ሌላ ፎቶ ይገባል። ለዓመታት የኖረ ፎቶ ክፈፉ የሸፈነው ዳር ከመሀሉ የተለየ መልክ ይኖረዋል። ያ መስመር ከክፈፉ ጋር በሚሊሜትር መግጠም አለበት።

ፖስታው፣ ሸኚ ደብዳቤው፣ የግብዣ ካርዱ፣ ስጦታው ሲሰጥ የተነሣው ፎቶ ሁሉ አብሮ ይቀመጥ። «ለእገሌ» የሚል ጽሑፍ ያለበትንም አይጥሉ። የታወቀ ተቀባይ ስም ያለበት ፊርማ ከባዶው ፊርማ ይልቅ ለመመርመርም ለማመንም ይቀላል፤ የፖለቲካ ሰነድ ላይ እንዲያውም ዋጋ ይጨምራል።

ላሚኔት ማስደረግ

ከልብ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ሰው «እንዳይበላሽብኝ» ብሎ የአባቱን የሹመት ደብዳቤ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይወስዳል። ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጥና ወረቀቱ ውስጥ ያሰርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ፕላስቲኩን ለመላጥ መሞከር ቀለሙን ይዞ ይወጣል። አይመለስም። እንደዚሁ የተቀደደውን በስኮች መለጠፍ (ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ያቆሽሻል)፣ የተጨማደደውን በካውያ መተኮስ፣ የደበዘዘውን ፊርማ በእስክሪብቶ ማድመቅ፣ በፋይል መብሻ መብሳት ሁሉም ጥፋት ነው። የዛገ ስፒልና አግራፍ ግን በቀስታ ይውጣ፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላል።

ትክክለኛው ማስቀመጫ ከፖሊስተር የተሠራ ግልጽ ኪስ ነው፤ ጠንከር ያለ ሽታ ያለው ለስላሳ የፒቪሲ ኪስ ቀለም ይነቅላል። ኪሱ አሲድ በሌለው ካርቶን ሳጥን ውስጥ ጠፍጣፋ ተደርጎ ይግባ። ሳጥኑ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ከውጭ ግድግዳ ጋር አይጠጋ። የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ይሁን፤ ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይነሣል። ክረምት ላይ በየሁለት ሳምንቱ ከፍተው ይዩ። ለብል ተብሎ ናፍታሊን አይጨመር፤ እንፋሎቱ ከፎቶውና ከፕላስቲኩ ጋር አይስማማም።

ሳሎን ውስጥ መስኮት ፊት ለፊት መስቀል

አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ማርከርና እስክሪብቶ ከሁሉ ፈጥነው ይደበዝዛሉ። የዕጣንና የቡና ጭስም ከዓመት ዓመት መስተዋቱ ላይም ፎቶው ላይም ይደርባል። ለግድግዳ ጥሩ ቅጂ ያሠሩ፣ ዋናው ሳጥን ውስጥ ይኑር። ዋናውን መስቀል ግድ ከሆነ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ይመረጥ፤ አልትራቫዮሌት የሚከላከል መስተዋት ይደረግ፤ በፎቶውና በመስተዋቱ መካከልም የካርቶን ክፈፍ ገብቶ እንዳይነካኩ ይሁን። ተጣብቀው ከቆዩ ሲለያዩ ፊርማው መስተዋቱ ላይ ይቀራል።

ሕጉንና ባለቤትነቱን ሳያጣሩ መግዛትና ከአገር ማውጣት

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ በግል የተያዘ ቅርስም እንዲመዘገብ ያዛል። የድሮ ሰነድ ይዘው ሊጓዙ ካሰቡ ቦሌ ከመድረስዎ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ። የመዝገብ ቁጥር፣ «ወጪ» የሚል ማኅተም ወይም የፋይል ቀዳዳ ያለበት የመንግሥት ደብዳቤ ሲቀርብልዎት ከየትኛው መሥሪያ ቤት መዝገብ ወጣ ብለው ይጠይቁ። የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ለግል ሰው የተላከው ዋናው ቅጂ በዚያ ሰው ቤተሰብ እጅ ቢገኝ ተፈጥሯዊ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ፋይል የሚቀረው የካርቦን ቅጂ ገበያ ላይ ሲወጣ ግን አይደለም።

ውጭ አገርም ቢሆን ያው ነው። በሚያዝያ 1860 ከመቅደላ የተዘረፉ ዕቃዎች እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ ውስጥ ዶርሴት ላይ ለጨረታ ቀርበው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ ከሽያጭ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቫ ላይ ሊሸጥ የነበረ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የእጅ ሰዓትም የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶበት ከሽያጭ ወጥቷል። በጨረታ ሲገዙ ደግሞ ከተጠራው ዋጋ በላይ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚደርስ የአጫራቹ ክፍያ፣ ከዚያም ቀረጥና መላኪያ አለ። እጅዎን ከማንሣትዎ በፊት ይደምሩት።

ሳይመዘግቡ ማስቀመጥ

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ወረቀት ይኑረው፤ ከማን፣ መቼ፣ በስንት ተገዛ፣ ስፋቱና ቁመቱ በሚሊሜትር፣ ጉዳቱ የት ላይ ነው፣ ማን ምን ብሎ መረመረው። ፊትና ጀርባው በ600 ዲፒአይ ስካን ይደረግ። በዚያ ጥራት የተነሣውን ግን ኢንተርኔት ላይ አይልቀቁት፤ ለአስመሳይ ናሙና ማደል ይሆናል። አያትዎ ወይም እናትዎ ሰነዱ እንዴት እጃቸው እንደገባ የሚያስታውሱ ከሆነ ቃላቸውን በድምፅ ይቅረጹ፤ ቀኑንና የተቀባዩን ስም በራሳቸው አንደበት ይናገሩት። የድምፅ ፋይሉ ስም መዝገቡ ላይ ይጻፍ። በሰነዱ ጀርባ ላይ ምንም አይጻፍ፤ መለያ ቁጥሩ በእርሳስ ሳጥኑ ውስጥ ባለው ካርቶን ላይ ይሁን።